ምዕራፍ ሰባት፦ አድሏዊ ስለሚባለው ቅጽል

በዘመናችን በችሎትና በምክር ቤት፣ በጋዜጣና በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ በዕድር ስብሰባም ሳይቀር እጅግ ከሚዘወተሩት ቅጽሎች አንዱ አድሏዊ የሚለው ነው። ሹመት ያልደረሰው ሹመቱን፣ ሙግት የተረታው ፍርዱን፣ ስሙ ያልተነሣለት ዘገባውን፣ ፈተና የወደቀው አራሚውን አድሏዊ ይላል፤ የተባለውም ሰው በፊናው ነገሩን ከማስረዳት ይልቅ ከሳሹን መልሶ አድሏዊ በማለት ይመልሳል። አንድ ቃል በከሳሽና በተከሳሽ አፍ እኩል የሚመች ሲሆን፣ ወይ ትርጉሙ እጅግ ሰፍቷል፣ ወይም ተናጋሪዎቹ ከትርጉሙ ውስጥ አንዱን ክፍል ብቻ ይዘው ሌላውን ጥለውታል። ከሁለቱ የቱ እንደ ሆነ ለመለየት የቃሉን ዘር፣ ከዘሩ የበቀሉትን ዘመዶቹን፣ በሕግና በልማድ ያለፈበትንም መንገድ በቅደም ተከተል መመልከት ያስፈልጋል።

የቃሉ ዘር ግዕዝ ነው። ደለወ ማለት ተመዘነ፣ ልክ ሆነ፣ ተገባ ማለት ሲሆን፣ ከዚሁ የወጣው መድሎት ሚዛን ነው፤ ድልው የሚለውም የተገባው፣ የተዘጋጀው ሰው ነው። ጳጳስ በአንብሮተ እድ ሲሾም ካህናቱና ምእመናኑ ይደልዎ፣ ይደልዎ እያሉ የሚያሰሙት ድምፅ ከዚህ ዘር የተገኘ ነውና፣ ትርጉሙ ሹመቱ ይገባዋል፣ ተመዝኖ ልክ ሆኖ ተገኝቷል እንደ ማለት ነው። እንግዲህ ለዚህ ለተከበረ ግስ አስደራጊነትን የሚያመለክተው አ ሲጨመርበት አድለወ ይሆንና፣ ፍቺው ወደ አንድ ወገን አጋደለ፣ ፊት አይቶ ደስ አሰኘ፣ አዳላ ወደ ማለት ይዞራል፤ የድርጊቱም ስም አድልዎ ነው። የተገባውን የሚያውጀውና ያልተገባውን የሚያደርገው ቃል ከአንድ ሥር መብቀላቸው ለዚህ ምዕራፍ ትልቅ ቁም ነገር አለው፤ ሚዛን በሌለበት አድልዎ የለምና። ሚዛን ሳይዝ ለወዳጁ የሚሰጥ ሰው ለጋስ ወይም አባካኝ ይባል እንደ ሆነ እንጂ አድሏዊ አይባልም፤ ሚዛን እንዲይዝ አደራ የተቀበለው፣ ዳኛውና መምህሩ፣ ጸሐፊውና ሹሙ፣ አባትና እናትም፣ በዚህ ቃል የሚጠየቁት አደራው ስላለባቸው ነው።

ከዚሁ ዘር የወጣ ሌላ ቃል አሳቡን ይበልጥ ያበራዋል። ጌታ በወንጌል ጻፎችንና ፈሪሳውያንን በወቀሰበት ስፍራ የአማርኛው መጽሐፍ ግብዞች የሚላቸውን ግዕዙ መድልዋን ይላቸዋል፤ ነጠላው መድልው ነው። አድልዎንና ግብዝነትን ምን አገናኛቸው የሚል አንባቢ ቢኖር መልሱ ሩቅ አይሆንም፤ ለሰው ፊት ብሎ ፍርዱን የሚያጋድል ሰው፣ እንደ ተመልካቹ ማንነት የራሱንም ፊት የሚለዋውጥ ነውና፣ የውጭው ሚዛን ሳይጋደል በፊት የውስጡ ተጋድሏል። ፊት ራሱ ከአድልዎ ጋራ የማይነጣጠል ቃል መሆኑም ከዚህ ጋራ ይያያዛል። ቅዱሳት መጻሕፍት ፍርድ ማጣመምን ሲከለክሉ ለሰው ፊት ማዳላት የሚሉት በዕብራይስጥ ፊትን ማንሣት ከሚለው አነጋገር የተወረሰ ነው፤ ሰግዶ ግንባሩን ወደ ምድር የደፋውን ለማኝ ጌታው ቀና አድርጎ ሲቀበለው ፊቱን አነሣ ይባል ነበር። አማርኛም ከራሱ ጓዳ ፊት ሰጠው፣ ፊት ነሳው የሚሉትን ሁለት ዘይቤዎች አውጥቷልና፣ የባላገሩም ሆነ የከተሜው ሰው አድልዎ ከዓይን እንደሚጀምር ያውቃል።

ይሁን እንጂ ፊት ማለት የባለጸጋና የባለሥልጣን ፊት ብቻ እንደ ሆነ ማሰብ ስሕተት ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ የወርቅ ቀለበት ያደረገውን በክብር ስፍራ አስቀምጦ ድኻውን ቁም የሚለውን ማኅበር በወቀሰበት መልእክቱ ብዙዎቻችን የምናውቀውን የአድልዎ መልክ አሳይቶናል፤ ነገር ግን ከእርሱ አስቀድሞ የኦሪት ሕግ፣ በዘጸአትም በዘሌዋውያንም፣ ዳኛ ለድኻውም ስለ ድኽነቱ እንዳያዳላ አዝዟል። ይህ ትእዛዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበውን ሁሉ ያስደነግጣል፤ መበለትንና ድኻ አደጉን ጠብቅ ብሎ ደጋግሞ ያዘዘ ሕግ በፍርድ ወንበር ላይ ስለ ምን ርኅራኄን ይከለክላል ያሰኛል። ምክንያቱ ግን የሁለቱ ስፍራ መለያየት ነው። ምጽዋት የሚወጣው ከመጽዋቹ ኪስ ሲሆን፣ የዳኛው ርኅራኄ የሚወጣው ከተረታው ሰው ገንዘብ ነው፤ በሌላው ሀብት መጽውቶ ጽድቅን ለራሱ የሚያስቆጥር ዳኛ፣ አሳቡ ያማረ ቢሆንም፣ ከመድልዋን ቍጥር አይወጣም።

የአገራችን የፍርድ ልማድ ይህን አደጋ አጥብቆ ያውቀው ነበር። ዳኛ የወል፣ ምሰሶ የመሃል የሚለው ተረት ዳኛን የማንም ብቻ ያልሆነ፣ የሁሉም ንብረት አድርጎ ያስቀምጠዋል። በ13ኛው መቶ ዘመን በግብፅ ክርስቲያናዊ ሊቅ በኢብን አል አሳል በዐረብኛ ተሰብስቦ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ስለ ዳኞች በሚናገረው አንቀጹ ዳኛው ሁለቱን ባለጉዳዮች እኩል እንዲይዝ፣ መማለጃም እንዳይቀበል ያዛል። ከዚህም በላይ በንጉሥ ችሎት የነበረው ሥርዐት በጥንቃቄው የሚደነቅ ነው፤ ሙግቱ ተሰምቶ ካበቃ በኋላ ፍርድ የሚሰጡት መኳንንት የየራሳቸውን አሳብ ሲናገሩ፣ በማዕረግ የሚያንሰው አስቀድሞ፣ ታላቁ ኋላ፣ ንጉሡም በመጨረሻ ይናገር ነበር። ታላቁ ቀድሞ ቢናገር ታናሹ የባለጉዳዩን ነገር መመዘኑን ትቶ የታላቁን ፊት መመዘን ይጀምራልና፣ ሥርዐቱን የደነገጉት አባቶች አድልዎ በክፋት ብቻ ሳይሆን በአክብሮትም በኩል እንደሚገባ ተረድተዋል። በ1988 ዓ.ም. የወጣውና እስከ 2013 ዓ.ም. ይሠራበት የነበረው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅም በዚሁ መንፈስ፣ ዳኛው ከተከራካሪው ወይም ከጠበቃው ጋራ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና ያለው እንደ ሆነ፣ በጉዳዩ ቀድሞ ጠበቃ፣ ሞግዚት ወይም አስታራቂ ሆኖ እንደ ሆነ፣ ወይም ከአንደኛው ጋራ ራሱ ሙግት ያለው እንደ ሆነ ከችሎቱ እንዲነሣ ደንግጎ ነበር። ልብ አድርገን ብንመለከተው ሕጉ የዳኛውን ልብ አይመረምርም፤ ልብን መመርመር ለሰው አልተሰጠምና፣ ልብን የሚያጋድሉትን ነገሮች ቈጥሮ ከበር ይመልሳቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ይገባል። አለማዳላት ብቻውን ፍትሕ አይሆንም። ሌባ ሻይ ይባል የነበረው የቀድሞ ልማድ ለዚህ ምስክር ነው፤ ለአንድ ልጅ አእምሮውን የሚያፈዝ መድኃኒት ይሰጠውና ይለቀቃል፤ ልጁ ሮጦ ገብቶ የተኛበት ቤት ባለቤት የጠፋውን ንብረት ይከፍላል። ልጁ ከሳሹንም ተከሳሹንም አይወድም፣ አይጠላም፤ መማለጃ አልበላም፤ ፊትም አላየም። ከአድልዎ ንጹሕ የሆነው ግን ከዕውቀትም ጭምር ስለ ተራቈተ ነው፤ በዚህም መንገድ የተፈረደበት ንጹሕ ሰው አልተዳላብኝም ብሎ ሊጽናና አይችልም። እንግዲህ ዳኛን ከአድልዎ የሚያድነው አለማወቁ ቢሆን ኖሮ ሕፃን ከሁሉ የሚበልጥ ዳኛ በሆነ ነበር፤ አድሏዊ ያልሆነ ሰው የምንለው ግን ሁለቱንም አውቆ፣ ሁለቱንም ሰምቶ፣ እያወቀ የማያጋድለውን ነው።

አሁን ከታሪኩ ወደ ሰዋስው እንመለስ፤ የቃሉ ችግር የተሰወረው በዚያ ነውና። ግሱን ስንናገር አዳላ ካልን፣ ሰሚው ወዲያው ለማን ብሎ ይጠይቃል፤ ዳኛው ለዘመዱ አዳላ፣ እናትየው ለታናሹ አዳላች እንላለን እንጂ ግሱን ያለ ለ መተው ዐረፍተ ነገሩን አንካሳ ያደርገዋል። ስለዚህ የቀድሞው አነጋገር በተጠቀመው ሰው ላይ ጣቱን ይቀስር ነበር፤ የተጎዳው ወገን ከዐረፍተ ነገሩ ውጭ ቆሞ ይቀራል። በሃያኛው መቶ ዘመን ግን አንድ ለውጥ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1958 የዓለም የሥራ ድርጅት በሥራና በሙያ ስለሚደረግ አድልዎ፣ በ1965 የተባበሩት መንግሥታት ስለ ዘር መድልዎ፣ በ1979 ደግሞ በሴቶች ላይ ስለሚደረግ አድልዎ ያወጧቸው ስምምነቶች ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ ስሙ ለ የሚለውን ትቶ ላይ ከሚለው ጋራ ተጣመረ፤ በሴቶች ላይ፣ በአካል ጉዳተኞች ላይ፣ ከኤች.አይ.ቪ. ጋራ በሚኖሩ ላይ የሚደረግ አድልዎና መገለል ማለት ተለመደ። በዚህች በአንዲት መስተዋድድ መለወጥ ምክንያት ከዐረፍተ ነገሩ ውጭ ቆሞ የነበረው ተጎጂ ወደ መሃል ገባ፤ ቀድሞ የጥቅም ቃል የነበረው አድልዎ የጉዳት ቃል ሆነ። ሁለቱ ግን የአንድ ድርጊት ሁለት ጫፎች ናቸው፤ አንዱ የሚዛን ወጭት ሳይወጣ ሌላው አይወርድም።

ቅጽሉ አድሏዊ ከሁለቱም የተለየ ጠባይ አለው። በሰማያዊና በምድራዊ፣ በመንፈሳዊና በሥጋዊ መጨረሻ የምናገኘው አዊ የሚባለው ቅጥያ አንድ ነገር የማን ወገን፣ የምን ጠባይ እንደ ሆነ ያመለክታል፤ ኋላም ማኅበራዊና ሕዝባዊ የሚሉትን የመሰሉ ብዙ ቅጽሎች ተዘጋጅተውበታል። እንግዲህ አድሏዊ ስንል አንድን ድርጊት ወደ ጠባይ እንለውጣለን። ይህ ለውጥ ሁለት ነገር ያስከትላል። አንደኛው፣ ለማን የሚለውም በማን ላይ የሚለውም ይጠፋሉ፤ አድሏዊ ሰው ብሎ ዐረፍተ ነገርን መዝጋት ይቻላልና ሰሚው እንዲጠይቅ የሚያስገድደው ነገር የለም። ሁለተኛው፣ በአንድ ጉዳይ አንድ ጊዜ የተደረገው ነገር የሰውየው ዘላለማዊ መልክ ይሆናል። በዚህ ጉዳይ ለወንድሙ አዳላ የተባለ ሹም ስለ ጉዳዩ ሊጠየቅና ሊመልስ ይችላል፤ አድሏዊ ነው የተባለ ግን የሚመልሰው ነገር ስለሌለው ወይ ዝም ይላል፣ ወይም ይሳደባል። ቃሉ በሁለቱም ወገን አፍ የተመቸበት ምክንያት እንግዲህ ይህ ነው፤ ትርጉሙ አልሰፋም፤ ጫፎቹ ተቈርጠውበታል።

የአውሮፓ ቋንቋዎች ወደዚሁ አሳብ በሌላ መንገድ ደርሰዋል። በሮማውያን ሕግ ፕሬዩዲኪዩም ከዋናው ሙግት በፊት የሚደረግ ምርመራና ውሳኔ ነበር፤ ቃል በቃል ቀድሞ መፍረድ ማለት ነው። ቀድሞ የተሰጠው ፍርድ ኋላ በሚመጣው ባለጉዳይ ላይ ስለሚከብድበት ቃሉ ቀስ በቀስ ጉዳት ማለት ሆነ፤ ዛሬም በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ከዚህ ዘር የመጡት ቃላት ሳይመረምሩ መጥላትንም፣ በመብት ላይ የሚደርስ ጉዳትንም ያመለክታሉ። እነርሱ ነገሩን በጊዜ ሲለኩት፣ ይኸውም ፍርዱ ከምርመራው ቀደመ ሲሉ፣ ግዕዝና አማርኛ በክብደት ለኩት፤ ሁለቱም ግን የደረሱት በጉዳት ላይ ነው። በአማርኛ ለመጀመሪያው አሳብ የተለመደው ጭፍን ጥላቻ የሚለው ሐረግ ሲሆን፣ ጉድለቱ ጥላቻን ብቻ መጥራቱ ነው፤ ጭፍን ፍቅርም ሚዛንን በእኩል እንደሚያጋድል ዝም ይላል።

ቀድሞ የመፍረድ አደጋ ከሐሰት ብቻ ሳይሆን ከእውነትም ሊመጣ እንደሚችል ሕግ ዐዋቂዎች ካስተማሩን ነገሮች እጅግ የረቀቀው ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐት ሕግ፣ ተከሳሹ ከዚህ በፊት በወንጀል የተፈረደበት መሆኑ አሁን በቀረበበት ክስ ጥፋተኛ ተብሎ እስኪፈረድበት ድረስ ለፍርድ ቤቱ እንዳይገለጥ በመሠረቱ ይከለክላል። የቀድሞው ፍርድ እውነት ነው፤ በመዝገብም ይገኛል፤ ነገር ግን ትናንት ሰርቆ የተፈረደበት ሰው ዛሬም ሰርቋል ብሎ ለማመን ልብ ስለሚፈጥን፣ እውነቱ ከሚያበራው የሚያጨልመው ይበዛል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የሚሠራበት የማስረጃ ደንብ፣ ማስረጃው ከሚያስረዳው ቁም ነገር ይልቅ በፈራጆቹ ልብ ያለ አግባብ የሚያሳድረው ጥላቻ እጅግ የሚበልጥ ሲሆን ዳኛው ሊያስቀረው እንደሚችል ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1997 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚህ ደንብ ላይ ሲመክር፣ ቀድሞ በወንጀል የተፈረደበት ሰው መሣሪያ ይዞ ተገኘ ተብሎ የተከሰሰ አንድ ተከሳሽ፣ ተፈርዶብኛል ብዬ አምናለሁ፣ የወንጀሉ ስምና ዓይነት ግን ጁሪ ለሚባሉት ከሕዝብ ለተመረጡ ፈራጆች አይነገር ብሎ ያቀረበው ልመና መታለፍ እንዳልነበረበት በ5 ለ4 ድምፅ ወስኗል። ከነገሩ የምንማረው፣ አድሏዊ የሚለው ቅጽል ሐሰተኛ ከሚለው ጋራ አንድ አለመሆኑን ነው፤ እያንዳንዱ ቃሉ እውነት የሆነ ዘገባ፣ እውነቶቹን ከአንድ ወገን ብቻ ለቅሞ ያቀረበ እንደ ሆነ፣ አድሏዊ ከመባል አያመልጥም።

እንደዚሁም አድሏዊ ሰው በሌለበት አድሏዊ ሥራ ሊኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተረሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ፕሬዚዳንት ማን እንደሚሆን አስቀድሞ ለማወቅ ብሎ ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች መጠይቅ ልኮ፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ፣ የካንሳሱ ገዥ አልፍሬድ ላንደን እንደሚያሸንፉ አስታወቀ፤ በምርጫው ቀን ግን ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ48ቱ ክፍላተ ግዛት በ46ቱ ድል አደረጉ። መጽሔቱ አልዋሸም፤ ለላንደንም አልወገነም፤ ነገር ግን አድራሻዎቹን በብዛት የወሰደው ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ስለ ነበረ፣ በዚያ የችግር ዘመን ስልክም መኪናም የሌለው ብዙው ሕዝብ ከሚዛኑ ውጭ ቀረ፤ መጠይቁ ከደረሳቸውም መካከል ብዙዎቹ አልመለሱም። የመልሱ ብዛትም ስሕተቱን አላቃለለውም፤ ያጋደለ ሚዛን ሺህ ጊዜ ቢመዝኑበት ሺህ ጊዜ ያሳስታልና። ስለዚህ አድሏዊ አሠራር፣ አድሏዊ ሕግ፣ አድሏዊ መጠይቅ ስንል ክፉ ልብ ፍለጋ መውጣት የለብንም፤ መስፈሪያው እንዴት እንደ ተሠራ፣ ማንንስ ሳይቈጥር እንደ ቀረ መመርመር ይገባናል።

ቅጽሉን ከጎረቤቶቹ መለየትም ያስፈልጋል። ወገናዊ ማለት ወገን ያለው፣ ወገኑንም ያልሸሸገ ነው፤ ጠበቃ ለደንበኛው፣ የፓርቲ ጋዜጣ ለፓርቲው ይወግናል፤ ሚዛን ይዣለሁ እስካላለ ድረስ በአድልዎ አይከሰስም። ገለልተኛ ማለት ከነገሩ ገለል ያለ ነው፤ ዳኛ ግን ገለል ሊል አይችልም፤ ነገሩን ሰምቶ ለእውነቱ መፍረድ ግዴታው ነውና፣ በመጨረሻ አንዱን ረቺ፣ አንዱን ተረቺ ያደርጋል። ፍርዱ ለአንድ ወገን ስለ ሆነ ብቻ አድሏዊ ቢባል፣ አድሏዊ ያልሆነ ፍርድ በዓለም ላይ አይገኝም ነበር። ጎጂ የሚለው ደግሞ ከሁሉ የሚሰፋ ነው፤ በረዶም፣ ሕመምም፣ ትክክለኛ ፍርድም ሊጎዳ ይችላል። አድልዎ ሁሉ ይጎዳል፤ ጉዳት ሁሉ ግን አድልዎ አይደለም። እናት ለታመመው ልጇ ወተቱን ብታበዛለት፣ ጤነኞቹ ቢያጉረመርሙም፣ መስፈሪያዋ ችግር ነውና በልኩ ሰጥታለች፤ እኩል ቢታመሙ አንዱን አስታማ ሌላውን እንደ እንጀራ ልጅ ብታየው ግን ያን ጊዜ አድልታለች። ልዩነቱ ከወተቱ መብዛትና ማነስ ሳይሆን ከመስፈሪያው ለሁሉም አንድ መሆን የሚመጣ ነው።

እንግዲህ ይህን ቅጽል በአግባብ የሚጠቀም ሰው፣ ቅጥያው የቈረጣቸውን ጫፎች በራሱ ቃል መልሶ ሊቀጥል ይገባዋል፤ ለማን እንደ ተዳላ፣ በማን ላይ እንደ ተዳላ፣ ሚዛኑስ በየትኛው መስፈሪያ ይመዝን እንደ ነበረና ከዚያ መስፈሪያ ምን ያህል እንደ ራቀ ይናገር። ሦስቱን መልስ ሊሰጥ የሚችል ከሳሽ ስድብን ወደ ክስ ከፍ አድርጎታል፤ ሊመለስለትም የግድ ነው። መስፈሪያውን ሊያሳይ የማይችል ግን ከፋኝ ወይም ተጎዳሁ ቢል እውነቱን ተናገረ ማለት ነው፤ እነዚህ ቃላት የራሱን ሕመም ከመናገር አልፈው በሌላው ላይ የማይፈርዱ ናቸውና ምስክር አያስፈልጋቸውም። በአንጻሩ ሚዛን የያዘው ሰው አድሏዊ በተባለ ጊዜ የልቡን ንጽሕና በመሐላ ከማስረዳት ይልቅ መስፈሪያውን በአደባባይ ያውጣ፤ ሹመቱ በምን ነጥብ፣ ፍርዱ በየትኛው ማስረጃ፣ ዘገባው ማንንና ማንን ጠይቆ እንደ ተሠራ ይግለጥ። ልብን እግዚአብሔር ብቻ ሲመዝን፣ መስፈሪያን ግን ተከራካሪውም፣ ታዛቢውም፣ ኋላ የሚመጣው ትውልድም ሊመዝነው ይችላል፤ የሕዝብ አደራ የሆነ ሥራ ሁሉ ለዚህ ምርመራ የተዘጋጀ እንዲሆን መጠየቅ የአድሏዊ ትክክለኛ አገልግሎት ነው።